የፒካፕ ፖርቶ መጋላ፦ ክብደቱ የት ይረፍ?

ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም ከመኪና በላይ ዕቃ የሚጫንበት የብረት መደርደሪያ፣ ለማሠራት ወደ በያጅ የሚሄድ የፒካፕ ባለቤት ብዙ ጊዜ በስልኩ ፎቶ ይዞ ነው የሚሄደው። ፎቶው ቅርጹን ያሳያል፤ ክብደቱ በየት በኩል ወርዶ ምን ላይ እንደሚያርፍ ግን አያሳይም። ወደ ዳሎል፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ወደ ባሌ ተራሮች ለሚወጣ መኪና ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። እዚህ የማቀርበው ንድፍ ለቶዮታ ሃይሉክስና ለመሰሎቹ ደብል ጋቢና ፒካፖች የሚሆን ነው። በኮረኮንች መንገድ 150 ኪሎ ይችላል፤ አርክ ብየዳ ባለበት በየትኛውም ከተማ ይሠራል፣ ይጠገናልም።

በመጀመሪያ መኪናውን ከሥሩ እንየው። ሃይሉክስ ከታች ሻንሲ፣ ሁሉን የሚሸከም የብረት አጽም፣ አለው። ጋቢናው በላስቲክ ትራሶች ላይ ሆኖ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ካሶኒው፣ ማለትም የኋላው የጭነት ሳጥን፣ ደግሞ ለብቻው፣ በራሱ ቡሎኖች። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለው የጥቂት ሳንቲ ክፍተት ሥራ አለው። የፊት ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣና የኋላ ቀኝ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ያኔ ጋቢናውና ካሶኒው ወደየራሳቸው ያዘነብላሉ። ፊቱ የጋቢናው ጣራ ላይ፣ ኋላው ካሶኒው ላይ የታሰረ አንድ ወጥ ፖርቶ መጋላ ይህን እንቅስቃሴ ለማስቆም ይታገላል፤ ማስቆም ግን አይችልም። ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ የጣራው ላሜራ ከእግሮቹ ሥር ይሰረጉዳል፣ ወይ ቡሎኖቹ ቀዳዳቸውን ያሰፉና ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል። ብረቱን ማወፈር ነገሩን ያብሰዋል፤ ፖርቶ መጋላው በጠነከረ ቁጥር ጣራው ይበልጥ ይጎዳልና።

ስለዚህ ከባዱ ፖርቶ መጋላ ሙሉ በሙሉ በካሶኒው ላይ ይቁም። ጋቢናውን አይንካ። በጋቢናው ላይ ወደ ፊት እንዲወጣ ከተፈለገም ከጣራው ቢያንስ 7 ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ ሳይደገፍ ተንጠልጥሎ፣ ፍራሽና የመሰለ ቀላል ነገር ብቻ ይዞ ይሁን።

ጣራው ላይ የግድ መጫን ላለበት ሰው፦ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የጣራውን ልክ ይነግራል። በብዙ ደብል ጋቢና ፒካፖች ልኩ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም ከዚሁ ይቀነሳል። እንደ ላንድክሩዘር 79 በጣራው ጠርዝ የዝናብ ቦይ ያለው መኪና ከሆነ ቦዩን የሚነክስ ማሰሪያ ከሁሉ ይሻላል። ቦይ በሌላቸው አዳዲሶቹ ላይ ጣራ ከመብሳት በፊት የውስጡ ሽፋን ወርዶ ይታይ፤ የጎን ኤርባግ ያላቸው መኪኖች ኤርባጉን የሚሸሽጉት እዚያው የጣራው ጠርዝ ውስጥ ነው።

ምን ይጫንበታል?

ንድፉ የሚጀምረው ከክብደት ዝርዝር ነው። የጣራ ድንኳን እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ይመዝናል። ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 30 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ሊትር ናፍጣ የያዘ የብረት ጀሪካን 21 ኪሎ ገደማ፣ 20 ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጀሪካን እንዲሁ። አካፋ፣ ከአሸዋ መውጫ ሰሌዳዎች፣ ሸራና ገመድ ሲደመሩ 20 ኪሎ በቀላሉ ይደርሳሉ።

ከዚህ ውስጥ ናፍጣና ውሃ ላይ አይወጡም፤ የካሶኒው ወለል ላይ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው ይታሰራሉ። ምክንያቱን በስሌት ማየት ይቻላል። 2000 ኪሎ የሚመዝን መኪና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ላይ ነው እንበል። 150 ኪሎ ከመሬት 1.9 ሜትር ከፍታ ላይ ስንጭንበት ማዕከሉ ወደ 83 ሳንቲ ይወጣል። ያንኑ 150 ኪሎ ወለሉ ላይ፣ ከመሬት 1.1 ሜትር ገደማ ላይ ብናስቀምጠው 77 ሳንቲ ተኩል አይሞላም። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1.5 ሜትር ስፋት ላለው መኪና የመጀመሪያው ጭነት መኪናው በጎን አዘንብሎ ከሚገለበጥበት አንግል ላይ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ የሁለተኛው ከ1 ዲግሪ አይበልጥም። ይህ የቆመ መኪና ስሌት ነው። በጎን ዘንበል ያለ መንገድ ላይ ባሌስትራው በአንድ በኩል ሲጫን ልዩነቱ ይሰፋል።

150 ኪሎ ስንል እንግዲህ ድንኳን፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ መሣሪያና የተወሰነ ሻንጣ ማለት ነው። ሁለት ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲተኛ ክብደቱ ከዚህ ይበልጣል፤ ያኔ ግን መኪናው ቆሟል። ብረት የሚሰብረው መንቀጥቀጡ ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ እንደ ሦስት ኪሎ ይቆጠር፤ ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው በ450 ኪሎ ነው።

የቱ ብረት?

40 በ40፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ ጥቁር ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት። በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙ በያጆች 30 በ30 ይበቃል ይላሉ፤ ጭነቱ እኩል ተዘርግቶ ቢቀመጥ እውነታቸውን ነው። 450 ኪሎ በአምስት አግዳሚዎች፣ በወርድ በተጋደሙት ብረቶች፣ ላይ እኩል ሲከፋፈል በ40 በ40ው ላይ የሚያሳድረው ጭንቀት (በብረቱ ውስጥ በስፋት ልክ የሚያርፈው ኃይል) 40 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ ተራ ብረት ተጣሞ የሚቀረው ወደ 235 ሲደርስ ነው። ጭነት ግን እኩል አይዘረጋም። 50 ኪሎ በአንድ አግዳሚ መሐል ላይ ብቻውን ቢያርፍና መኪናው ጉድጓድ ቢመታ፣ 40 በ40ው ወደ 140፣ 30 በ30ው ደግሞ ወደ 260 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ሁለተኛው በዚያች ቅጽበት ታጥፎ ይቀራል።

3 ሚሊ ቢሆንስ? ጥንካሬው በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ክብደቱ ደግሞ በ46 በመቶ። በዚህ ንድፍ ወደ 19 ኪሎ ተጨማሪ ብረት ከፍ ብሎ ይሰቀላል ማለት ነው፤ እኔ ያንን 19 ኪሎ ለውሃ ባውለው እመርጣለሁ። ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የሚገዛው 2 ሚሊ በእውነት 2 ሚሊ መሆኑ ነው። ካሊፐር ይዞ ሄዶ የቱቦላሬውን ጫፍ መለካት ነው። 1.5 ሚሊ ሆኖ ከተገኘ ጥንካሬው በ22 በመቶ ይወርዳል።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ በቡሎን ተገጣጥሞ ከተሠራ ጥሩ ነው። ሲበየድ ግን በብየዳው ዙሪያ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል፣ መበየጃውም በየከተማው አይገኝም። ሎግያ ወይም ጂንካ ላይ የተሰነጠቀ ብረት በአንድ ሰዓት ይበየዳል። ለረጅም መንገድ የምመርጠው ብረት ነው። ጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ ከሆነ ደግሞ የሚበየደው ቦታ ዚንኩ በግራይንደር ይነሳ፤ ጭሱ ያሳምማል፣ ብየዳውንም ቀዳዳ ያበዛበታል።

ለሥራው ባለ 6 ሜትር ሦስት ቱቦላሬዎች ይበቃሉ፣ እንዲህ ከተቆረጡ፦

ከመጀመሪያው፦ አራት አግዳሚ፣ እያንዳንዱ 1.43 ሜትር።
ከሁለተኛው፦ አንድ አግዳሚ 1.43፣ ሁለት የጎን ተሸካሚ (አግዳሚዎቹ የሚያርፉባቸው) 1.45፣ አንድ እግር 90 ሳንቲ፣ አንድ ሰያፍ (እግሩን በዘንበልታ የሚደግፍ) 45 ሳንቲ።
ከሦስተኛው፦ ሦስት እግር 90፣ ሰባት ሰያፍ 45 ሳንቲ።

ለዙሪያው መከለያ 25 በ25፣ 1.5 ሚሊ የሆነ አንድ ቱቦላሬ፤ ለፊትና ለሁለቱ ጎኖች በቂ ነው፣ ከትራፊውም 12 ሳንቲ ቁመት ያላቸው አጫጭር ቋሚዎች ይወጣሉ። ኋላው ክፍት ይቅር፤ ለመጫን ያመቻል። ለእግሮቹ 120 በ120፣ ውፍረታቸው 6 ሚሊ የሆኑ ስምንት ሳህኖች፤ አራቱ ከላይ፣ አራቱ ከወለሉ ሥር። ሁሉም ሲደመር 55 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ልኮቹ 1.5 ሜትር ገደማ ርዝመትና ስፋት ላለው የደብል ጋቢና ካሶኒ ናቸው፤ ከመቁረጥ በፊት የራስን ካሶኒ ለክቶ ማስተካከል ነው። በጋቢናው ላይ ወደ ፊት ካልወጣ የእግሮቹ ቁመት የሚወሰነውም ሲያልቅ ከጋቢናው ጣራ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው። ከጋቢናው ጀርባ የተጠለለ ፖርቶ መጋላ ነፋስ አይገፋውም፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

አግዳሚዎቹ በጎን ተሸካሚዎቹ መካከል ገብተው ሳይሆን በላያቸው ላይ ተቀምጠው ይበየዱ። መካከል ከገቡ ጭነቱን በሙሉ የሚይዘው ብየዳው ነው። ላዩ ላይ ከተቀመጡ ግን ብረት በብረት ላይ ያርፋል፤ ብየዳው እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዛል። 4 ሳንቲ ከፍታ ያስከፍላል፤ ያዋጣል።

እግር

አብዛኛው ፖርቶ መጋላ የሚበላሸው እግሩ ላይ ነው። የካሶኒው ጎን ከቀጭን ላሜራ የታጠፈ ስለሆነ ከላይ ሲታይ ወፍራም ጠርዝ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ባዶ እጥፋት ነው። ከባድ ጭነት በዚህ ጠርዝ ላይ ብቻ ሲቆም ጎኑ ወደ ውጭ መከፈት ይጀምራል፣ የኋላው መዝጊያም አልገጥም ይላል። ስለዚህ እግሮቹ በካሶኒው ውስጥ በአራቱ ማዕዘን ወለሉ ድረስ ይውረዱ። የጎማው እብጠት መሐሉን ስለሚይዝ አምስተኛና ስድስተኛ እግር አይመችም፤ ሰያፎቹ በትክክል ከገቡ አያስፈልግምም።

ወለሉ ራሱም ላሜራ ነው። ጥንካሬው ያለው ከሥሩ በሚያልፉት አግዳሚ ብረቶች ላይ ነውና ከመብሳት በፊት መኪናው ሥር ተኝቶ የት እንዳሉ መለካት ይገባል። በዚያው የነዳጅ ታንከሩ፣ የፍሬን ቱቦውና የኋላ መብራት ሽቦዎች የሚያልፉበት ይታይ። ከላይ ሆኖ በግምት መብሳት አደጋ አለው። እግሩ በተቻለ መጠን ወደ አግዳሚው ብረት ይጠጋ፤ የታችኛው ሳህን አንድ ጠርዙ ብረቱን ከነካ ጥሩ ነው።

ወለሉ ሽንትር ያለው ስለሆነ ጠፍጣፋ ሳህን የሚቀመጠው በከፍታዎቹ ላይ ብቻ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ዝቅ ያለው ክፍል ወደ ላይ ይሳባል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ይላላል። ዝቅ ባለው ክፍል ልክ ጠፍጣፋ ብረት ተቆርጦ ከሳህኑ ሥር ይግባ። የፕላስቲክ የካሶኒ ምንጣፍ ያለው መኪና ከሆነ እግሩ በሚያርፍበት ቦታ ፕላስቲኩ ተቆርጦ ይነሳ፤ ፕላስቲክ በጭነት ሥር እየሳሳ ስለሚሄድ የትኛውም ቡሎን በላዩ ላይ ጠብቆ አይቆይም።

ለእያንዳንዱ እግር አራት ባለ 10 ሚሊ ቡሎን፣ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው፣ ከሰፋፊ ሮንዴላና ውስጡ ናይለን ካለው ዳዶ ጋር። በቶርክ መፍቻ ከ45 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ። ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ ጠርዛቸው በአንቲረስት ይቀባ፣ ሲገጠምም ሲሊኮን ይደረግባቸው፤ የካሶኒ ዝገት የሚጀምረው ከእንደዚህ ያለ ራቁት ቀዳዳ ነው።

እግሩ በካሶኒው ጠርዝ ከፍታ ላይ አንድ ተጨማሪ ማያያዣ ይፈልጋል፤ ሥራው እንዳይወዛወዝ መደገፍ እንጂ ክብደት መሸከም አይደለም። በጠርዙና በእግሩ መካከል 5 ሚሊ ላስቲክ ገብቶ በባለ 8 ሚሊ ቡሎን ይታሰራል። ይህ ቡሎን ቱቦላሬውን አልፎ ስለሚሄድ ውስጡ ልኩን የጠበቀ አጭር ቱቦ ገብቶ መበየድ አለበት። ያለዚያ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር የቱቦላሬው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። በእኔ እይታ በአገራችን በሚሠሩ ፖርቶ መጋላዎች ላይ በብዛት የሚዘለለው ይህ ትንሽ ቱቦ ነው።

ከስምንቱ ሰያፎች አራቱ በርዝመት ከእግር ወደ ጎን ተሸካሚው፣ አራቱ በወርድ ከእግር ወደ ፊተኛውና ኋለኛው አግዳሚ ይሄዳሉ፤ ሁሉም 45 ዲግሪ። ፍሬን ሲያዝ 150 ኪሎው ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፤ ሰያፍ የሌለው እግር ያንን ኃይል በሙሉ በታችኛው ብየዳ ይቀበላል፣ ስንጥቁም እዚያ ይጀምራል። ሰያፎቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፦ የጎን ተሸካሚው ሳይደገፍ የሚሄድበትን ርዝመት ከ1.45 ሜትር ወደ 80 ሳንቲ ገደማ ያሳጥሩታል።

ብየዳ

መኪናው ላይ አይበየድ። ልኩ ተወስዶ፣ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ተገጣጥሞ፣ በነጠብጣብ ተይዞ፣ ወደ መኪናው ሄዶ ተሞክሮ፣ ተመልሶ ይበየድ። የግድ መኪናው ላይ መያዝ ካለበት የባትሪው ገመዶች ይፈቱ፣ የብየዳው መሬትም ከሚበየደው ብረት ራሱ ላይ ይያዝ። የመኪናው ኮምፒውተርና ዲናሞው የብየዳ ኤሌክትሪክ አይወዱም።

ለ2 ሚሊ ቱቦላሬ ባለ 2.5 ሚሊ 6013 ኤሌክትሮድ፣ ከ70 እስከ 90 አምፔር። ከዚህ በላይ ሲሆን ግድግዳው ይበሳል፤ ከዚህ በታች ሲሆን ብየዳው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገባም። እግሩ ከ6 ሚሊው ሳህን ጋር ሲበየድ ሙቀቱ ወደ ሳህኑ ያዘንብል፤ ወፍራሙ ካልሞቀ አይያያዝም። ክፈፉ እንዳይጣመም ደግሞ አንድ ማዕዘን ተሠርቶ ወደ ተቃራኒው መሄድ፤ በአንድ ወገን ተከታትሎ መጨረስ ከወለሉ የማይቀመጥ ጠማማ ክፈፍ ይሰጣል። ሁለቱን ዲያጎናሎች በሜትር እየለኩ መሄድ ነው፤ ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ አይብለጥ።

አንድ ጥብቅ ነገር፦ በአግዳሚው መሐል፣ በታችኛው ፊት ላይ፣ ወርዱን የሚያቋርጥ ብየዳ አይደረግ። የማሰሪያ ቀለበትም ቢሆን። ብረቱ ሲጫን የሚለጠጠው በዚያ ፊት ነው፣ ብየዳ ያለበት ቦታ ደግሞ በድግግሞሽ ከሁሉ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ከባለ 10 ሚሊ ቶንዲኖ የታጠፉት ቀለበቶች ወደ ጫፎቹ፣ በጎን ፊት ላይ ይሁኑ። ድንኳኑም አግዳሚውን በመብሳት ሳይሆን አግዳሚውን በሚያቅፍ ማሰሪያ ይያዝ።

ክፍት ጫፎች በላሜራ ይዘጉ፣ በእያንዳንዱ ቱቦ ታችኛው ፊት ላይ ግን ጫፉ ዘንድ 5 ሚሊ ቀዳዳ ይተው። ውሃ መግቢያ ያገኛል፤ መውጫም ይኑረው።

ቀለም

ጥቁር ቱቦላሬ ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ በቲነር ካልተጠረገ ቀለሙ በቅርፊት ይነሳል። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ የላይ ቀለም። ወደ አፋር የጨው ሜዳ የሚወርድ መኪና ሲመለስ ፖርቶ መጋላውና የመኪናው ሥር በብዙ ውሃ ይታጠብ። ጥቁር ቀለም ያምራል፤ እኔ ግን ነጣ ያለ ግራጫ እመክራለሁ። ስንጥቅ ሲጀምር ቀጭን የዝገት መስመር ያወጣልና በግራጫ ላይ ከሩቅ ይታያል፣ በጥቁር ላይ ጣት እስኪገባበት አይታይም።

መፈተን

ገጥሞ ወዲያው መንገድ መውጣት አይገባም። በአግዳሚዎቹ ሥር ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ተወጥሮ ከሲባጎው እስከ ብረቱ ያለው ርቀት መሐል ላይ ይለካ። ከዚያ ባለ 50 ኪሎ ዘጠኝ ጆንያ አሸዋ፣ ማለትም 450 ኪሎ፣ ተደርድሮ ለአንድ ሰዓት ይቆይ። መኪናው አይንቀሳቀስ። ጆንያዎቹ ሲወርዱ ልኩ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ብረቱ ቀጭን ነው ወይም አንድ ብየዳ ለቅቋል።

የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኮረኮንች ወይም በኮብልስቶን ላይ ይሁን፤ ከዚያ ቡሎኖቹ ሁሉ በቶርክ መፍቻ እንደገና ይታዩ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም እንዲሁ። ቀለምና ላስቲክ ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ መላላት ያለ ነው። በሁለተኛው ላይም የሚዞር ቡሎን ካለ ግን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከሳህኑ ሥር የሳሳ ወይም የተሰረጎደ ነገር አለና ተፈትቶ ይታይ።

ጭነቱ በናይለን ገመድ ሲታሰር ገመዱ ሲረጥብና ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መወጠሪያ ያለው የጭነት ቀበቶ ይሻላል። ከጭነቱና ከብረቱ መካከል የተቆረጠ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ማስገባት ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቀለሙን ያድናል፣ ጭነቱ እንዳይንሸራተት ይይዛል።

ከረጅም መንገድ በኋላ ብየዳዎቹን ለመመርመር ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይበቃሉ። ቦታው ይጸዳል፤ በተጠረጠረው ቦታ ቀለሙ ይነሳል፤ ነጭ ጋዝ ይቀባና አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጠረግና የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው ወጥቶ ጥቁር መስመር ይሠራል። መጀመሪያ የሚታዩት የእግሮቹ የታችኛው ብየዳና ሰያፎቹ ከጎን ተሸካሚው የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው።

ስንጥቅ ሲገኝ በላዩ ላይ መበየድ አይጠግነውም፤ ከሥር ሆኖ ይቀጥላል። በስንጥቁ በሁለቱም ጫፎች ላይ 4 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳ፤ መሄዱን የሚያቆመው እሱ ነው። በመካከሉ ያለው በግራይንደር በቪ ቅርጽ ተቦርቡሮ ይበየድና ይስተካከላል። ከዚያ 3 ሚሊ ላሜራ በአልማዝ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ረጅሙ ጫፉ በቱቦላሬው ርዝመት ሆኖ ይለጠፋል። አራት ማዕዘን ልጣፍ ጠርዙ ቱቦላሬውን በወርዱ ስለሚያቋርጥ ቀጣዩን ስንጥቅ በዚያው መስመር ላይ ይጀምረዋል፤ አልማዙ ግን ጭንቀቱን በሰያፍ እየበተነ ያስተላልፋል። የተጠገነው እግር ጎን ያሉት ሦስቱም በዚያው ዕለት በነጭ ጋዙና በጠመኔው ይታዩ፤ አንዱ ሲሰነጠቅ ጭነቱን ሲሸከሙ የነበሩት እነሱ ናቸው።